የቀኝ እጅ የድሮ ስሙ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ማታ ማታ የሚሸተው የበሬ ቆዳ ነበር። አባባ ኮርቻ ይሰፉ ነበርና ቀን ውኃ ውስጥ ሲርስ የዋለውን ጠፍር ሲመሽ አውጥተው ምድጃው አጠገብ ይዘረጉታል፤ ፍሙ ሲያገኘው እንፋሎቱ ይነሳና ከኩራዙ ጭስ ጋር ተደባልቆ ጣራው ሥር ይቆማል። ያኔ ሽታው ያስጠላኝ ነበር። አሁን ገበያ ውስጥ ጠፍር ሻጭ አጠገብ ሳልፍ እግሬ ራሱ ቀስ ይላል።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ትውልዳቸው ወረባቦ፣ ቢስቲማ አካባቢ ነው። በጉልበታቸው ጊዜ በቅሎ ጭነው ከባቲ ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ጉልበት ሲከዳቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ እኛ ዘንድ ገቡና ዕድሜ ልካቸውን ሲጭኑት የኖሩትን ኮርቻ ለሌላ ሰው ይሰፉ ጀመር። ሰፈሩ አያ ይማም ይላቸዋል። አባቴ ኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ ጥበቃ ስለነበር የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ ቤቱ የእናቴ፣ የአባባና የኔ ነበር ማለት ነው።

የሌላው ሰው አያት ማታ ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ያወራል። የኔ አባባ ተረት አያውቁም ነበር፤ ወይም አይወዱም። እሳቸው የሚያወሩልኝ ስለ ቃል ነው። ቃልም እንደ ነጋዴ ነው ይሉ ነበር፤ ከአገሩ ይነሳል፣ መንገድ ላይ ያድራል፣ በደረሰበት ልብሱን ይቀይራል፣ አንዳንዱም እዚያው አግብቶ ይቀራል። ከዚያ አንዱን ቃል ይይዙና ከየት ተነሳ፣ በማን በኩል አለፈ፣ እንደ ሰው ታሪክ ይነግሩኛል። እኔ ደግሞ መጠየቅ አይደክመኝም። ወስፌያቸው ቆዳውን በስቶ ሲወጣ ጭርር የምትል ድምፅ ነበረችው፤ እሷ ጸጥ ካለች አባባ እያሰቡ ነው ማለት ነው፣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።

ስለ ቀኝ እጅ የነገሩኝ ግን እንዲሁ ለወሬ አልነበረም። ነገር መጥቶብን ነው።

ያኔ የደርግ ዘመን ነው፤ ሰው ሰውን የሚፈራበት ጊዜ። ትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እያነሳን መፈክር እንላለን። ቀኝ ያነሳ ልጅ በአለንጋ ጫፍ ይነካል፤ ቀኝ የአድኃሪ ነው ይሉናል። እኔ ምኑም አልገባኝም፣ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ። ቤት ውስጥ እኮ በግራ እጄ እንጀራ ከነካሁ እናቴ መዳፌን ትመታኛለች፤ በግራ እጄ ለሰው ዕቃ ካቀበልሁ ትቆጣኛለች። ያ ሁልጊዜ የሚደበቀው እጄ ትምህርት ቤት ሲደርስ ነግሦ ይውላል። አንድ ማታ አባባ ፊት ቆሜ ግራ እጄን ጨብጬ አነሳሁና የተማርሁትን ጮክ ብዬ አልሁላቸው። አባባ አዩኝ። ወስፌዋ ቆመች። «ይህ እጅ ሽንት ቤት የምትታጠቢበት አይደል እንዴ?» አሉኝ፤ እናቴ ሳቀች፣ እኔ አፈርሁ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ከየቤቱ አንድ ትልቅ ሰው መምጣት አለበት፤ የቀረ ስኳሩ ይቀርበታል። እናቴ ጉንፋን ይዟት ስለነበር አባባ ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ታደሰ ይባላል፣ የኩታበር ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ። መፈክር ጀመረ። ሕዝቡ ሁሉ ግራ እጁን አነሳ። አባባም አነሱ፤ ግን ቀኛቸውን። ጨብጠውም አይደለም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ሰው እንደሚምል። ከዚያ ሁሉ የተጨበጠ እጅ መሐል ያቺ አንዲት የተዘረጋች መዳፍ ብቻዋን ትታይ ነበር። ከኋላችን አንድ ጠብመንጃ ያነገተ የአብዮት ጠባቂ ጎንበስ ብሎ፣ «አባት፣ ቀኝ መንገደኛ ነዎት እንዴ?» አላቸው። እየሳቀ ነው የተናገረው። አጠገባችን ያሉት ግን አልሳቁም፤ አንዷ ሴትዮ ወንበሯን ራቅ አደረገች።

ያ ቃል ያኔ የቀልድ ቃል አልነበረም። ከኛ በታች ያለ ዳቦ ጋጋሪ ባለፈው ክረምት በዚሁ ስም ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም። ሚስቱ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ትሄድና ሳህኑን ይዛ ትመለስ ነበር፤ እኛ የሰፈር ልጆች በሩቅ እያየን ሳህኑ ባዶ መሆኑንና አለመሆኑን እንገምት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ያው የአብዮት ጠባቂ በራችን ላይ ቆመ። በሚመጣው እሑድ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው እንግዳ ይመጣል፣ ባለፈው ቀኛቸውን ያነሱት አያ ይማም መድረክ ላይ ወጥተው ከጓድ ታደሰ ጎን ይቁሙ፣ ጓድ ታደሰ መፈክር ሲል እሳቸው እጅ ያንሱ፣ ሕዝቡ እሳቸውን አይቶ ይከተላል፣ አለ። እንዳይሳሳቱ ብሎ ራሱ ግራ እጁን አንስቶ አሳየን። ሲሄድ እናቴ በሩን ዘጋችና እዚያው በሩ ላይ ተደግፋ ቀረች።

የዚያን ሳምንት ምሽቶች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ማታ እናቴ ለመነቻቸው። «አባባ፣ ምን አለበት፣ ግራዎን ከፍ አድርገው ዝቅ ማድረግ ነው። የሚያልቅ ነገር ነው» አለች። ጠፍሩን በግራ እጃቸው ወጥረው ይዘው በቀኛቸው ይሰፋሉ። ቆይተው፣ «ይህን እጅ ሰው ፊት አንስቼ አላውቅም። ይሠራልኛል፣ ያጥበኛል፣ አልጠላውም። ሽማግሌ ፊት ግን አላወጣውም። ካፈርሁ እዚያ ላይ ነው የማፍረው» አሉ።

እኔ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ነበር። ለምን ቀኝ እንደሚበልጥ፣ ማን እንደወሰነ፣ ማወቅ ፈለግሁ። «ቀኝ ማን ነው ቀኝ ያለው?» አልሁ።

እናቴ ልትቆጣኝ ነበር፤ አባባ ግን ፊታቸው ፈታ አለ። ይመስለኛል ጥያቄው ከልመናው ሳይቀልላቸው አልቀረም። ያን ጊዜ ነው የቀኝ እጅን የድሮ ስሙን የነገሩኝ፤ የሚን።

ቃሉን የሰሙት ጎረምሳ ሳሉ ገበያ ዳር ሱቅ ከነበራቸው አንድ የየመን ሰው ነው። ያኔ ሱቅ ሁሉ አረብ ቤት ነበር የሚባለው። አባባ ጭነት ሲያራግፉ እኚህ ሰው የመጀመሪያውን ጆንያ በቀኝ እጃቸው ነክተው የሚን፣ የሚን ይሉ ነበር። አባባ ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቋቸው ቀኝ እጅ ነው፣ አሏቸው፤ ከዚያም አገሬ ራሷ የተሰየመችው በእጅ ነው፣ አሏቸው። አንድ ሰው መካ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ቢያዞር በቀኙ የመን ትሆናለች፤ በግራው ሻም፣ የሶርያ አገር። የመን ማለት የቀኟ አገር ማለት ነው።

እኔ አላስችል ብሎኝ ተነሳሁ። ቤቱ መሐል ቆሜ ፊቴን ወደ ፀሐይ መውጫ አዞርሁ። ጦሳ ተራራ ከጀርባዬ ሆነ። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ በቀኜ ኮምቦልቻ፣ አባቴ ያለበት። በግራዬ ሐይቅና ኩታበር።

«እንግዲያ የኛ የመን ኮምቦልቻ ናታ» አልሁ።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ የመን ነው የምሠራው እያለ ይኩራ» አሉ።

ከዚያ ዞር ብዬ ፊቴን ወደ ጦሳ ባደርግ ኮምቦልቻ ግራዬ ሆና ተገኘች። ይህ አስደነገጠኝ። ቀኝ የመሰለኝ ነገር እኔ በመዞሬ ብቻ ግራ ሲሆን። አባባ አዩኝና፣ «ለዚህ ነው ሰው መጀመሪያ ወዴት ዞሮ እንደቆመ ማወቅ ያለበት» አሉ። ወስፌዋ ሥራዋን ጀመረች። እናቴ ያንን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ለኔ የተነገረ መስሎ ለሷ እንደተነገረ ያኔ አልገባኝም።

«ቆይ ግን፣ እጁ ነው ወይስ አገሩ የቀደመው?» አልሁ።

«እጅ ሳይኖር አገሩን ማን ያሳየዋል?»

በሚቀጥለው ማታ ስለ መሐላ ነገሩኝ። የሚን መሐላ ማለትም ነው አሉ። ባቲ ገበያ በሬ ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ቀኝ በቀኝ ተጨባብጠው ይምላሉ፤ ከዚያ በኋላ በሬው መንገድ ላይ ቢወድቅ እንኳ ነገር የለም። እጁና መሐላው አብረው ሲውሉ ስማቸው አንድ ሆነ። ስለዚህ፣ አሉ አባባ፣ ሰው ፊት እጅ ማንሳት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ባለፈው እሑድም ምን እንደሚሉ ሳልሰማ ነው ያነሳሁት፣ እጅ አንሱ ሲባል የሚነሳው እሱ ስለሆነ።

እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋን አስቀመጠች። «በግራ የተማለ መሐላ ይጸናል?» አለቻቸው።

«የት ይጸናል። ማንም አይቀበለውም።»

«እንግዲያስ ምን ቸገረዎት? የማይጸና ከሆነ ግራዎን ያንሱላቸዋ። እነሱም ይረካሉ፣ እርስዎም አልማሉም።»

አባባ ወደ ጠፍሩ አጎነበሱ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለካ ሳቅ ነው። «ወላሂ፣ አንቺን ባቲ ይዤሽ ብሄድ ኖሮ ሀብታም ነበርሁ» አሉ። ግን እሺ አላሉም። ሳቁ ሲያልቅ፣ «የግራ ውሸትም ውሸት ነው፣ ልጄ» አሏት። እናቴ ቢላዋን አነሳች፤ የምትልጠው ድንች ግማሹ ከልጣጩ ጋር ይወድቅ ነበር።

ሐሙስ ማታ መሪጌታ መጡ። መሪጌታ ጎረቤታችን ናቸው፤ በቅሏቸው ትከሻዋ ቆስሎ ኮርቻው እንዲላላላቸው ይዘው መጡና ተቀመጡ። ስለ እሑዱ ሰምተዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ባለፈው እሑድ እሳቸው ራሳቸው ግራ እጃቸውን ሲያነሱ አይቻቸው ነበር፤ አፋቸው ግን ሌላ ነገር ያልጎመጉም ነበር። አባባ ጨዋታ ሊያደርጉት ብለው ስለ የሚን ያወሩን እንደነበር ነገሯቸው። መሪጌታ ቀና አሉ። «ይሄማ የኛ ነው። በግዕዝ ቀኝ የማን ነው የሚባል። ወንጌሉም ዳዊቱም እንዲያ ነው የሚለው» አሉ።

«አረብ ነው ያመጣው» አሉ አባባ።

«አረብ ከኛ ሰምቶ እንደሆነ በምን ታውቃለህ፣ ይማም? ባሕሩ እንደሆነ ያቺ ናት፤ ወዲህም ወዲያም የሚያሻግር ጀልባ መች ጠፋ።»

«እንዲህ ከሆነ የማን ነው ልንል ነዋ።»

«እሱን ነው የምልህ፣ የማን ነው፣ የማን» አሉ መሪጌታ፣ ሁለቱም እየሳቁ ተያዩ። እንደ ልጅ ነበር የሚሳሳቁት። እኔ ግን አእምሮዬ ተቃጠለ። አንድ ቃል ባሕር ተሻግሮ በቤተ ክርስቲያንም በአረብ ቤትም ሲገኝ መጀመሪያ የት ነበር? ከሁለቱም በፊት የነበረ ሌላ ሰው፣ ስሙን የማናውቀው፣ እጁን አይቶ እንዲያ ብሎት ይሆን? አባባን ጠየቅኋቸው። «እሱን አላውቅም» አሉ። መሪጌታም አላውቅም አሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባንድ ጊዜ አላውቅም ሲሉ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ፤ ገና ያልተያዘ ነገር በዓለም ላይ ተርፏል ማለት ነው ብዬ።

መሪጌታ ሊሄዱ ሲነሱ ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር። በር ላይ ቆመው የአባባን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይማም፣ የሰው ልጅ አታስለቅስ» ብለው ወደ እናቴ በዓይናቸው አመለከቱ።

ዓርብ ማታ እናቴ ልመናውን ተወችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አስተምሪያቸው» አለችኝ። ድምፅዋ የቀልድ አልነበረም። አባባም ለሷ ብለው እሺ አሉና ተነሱ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ግራ እጄን አነሳሁ። አባባ እኔን እያዩ ሊያነሱ ሲሉ ቀኛቸው ቀድሞ ይነሳል። ቀኛቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለን ያዝነው፤ ያን ጊዜ ግራው ይነሳል፣ ግን ጆሯቸው አጠገብ ሲደርስ፣ እንደሚያሳክከው ሰው፣ ጆሯቸውን ነክቶ ይመለሳል። እኔ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁና ስለ በቅሏቸው አነሱ።

በጃንሆይ ጊዜ መኪና የሚሄደው በግራ ነበር። አንድ ሰሞን መኪና ሁሉ በቀኝ ይሂድ ተባለ። አባባ በቅሎዎቻቸውን ጭነው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርዱ አንዱ የጭነት መኪና ፊት ለፊት መጣ። ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «አያ፣ በቅሎዎን ወደዚያ ያድርጉ፣ አዋጁን አልሰሙም?» አላቸው። አባባም፣ «እኔማ ሰምቻለሁ። ለሷ ንገራት» አሉት። መሪዋ በቅሎ ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችውን ጠርዝ ይዛ አልነቃነቅ አለች። ሾፌሩ ወርዶ አብረው ገፏት፤ በኋላም እንዳትሸበር ብሎ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ሰፊ ቦታ እስኪደርስ ድረስ መንገድ ለቀቀላት።

«የኔም እጅ እንደሷ ነው» አሉ አባባ ሲቀመጡ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ እሑድ የሚመጣው ሾፌር ወደ ኋላ የሚነዳ አይደለም» አለች። ፍሙ አመድ ለብሶ እስኪጠፋ ድረስ ተቀመጥን።

እሑድ ጠዋት አባባ ገላቸውን ታጥበው ነጭ ጋቢያቸውን ለበሱ። እናቴ እንዳይቀዘቅዛቸው ብላ ሳይሆን ዝም ብላ፣ የሚይዛት ነገር ስላጣች፣ የጋቢውን ጫፍ ደጋግማ ታስተካክላለች። እሳቸውም «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይሏታል። የቀበሌው ግቢ ሞልቶ ነበር። ከከፍተኛው የመጣው እንግዳ ኮት የለበሰ፣ አነጋገሩም የወሎ ያልሆነ ሰው ነው፤ መድረኩ ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ጓድ ታደሰ የመፈክር ወረቀቱን በቀኝ እጁ ይዞ ቆሞ፣ «ጓድ ይማም ወደ መድረክ» ሲል ሰው በሙሉ ዞር ብሎ አያቸው፤ አባባን ጓድ ብሎ የጠራቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ወጡ። እኔ ከእናቴ ጋር ከፊት አጠገብ ነበርሁ፤ የያዘችውን እጄን በጣም ስለጨመቀችው ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ጓድ ታደሰ በሹክሹክታ የሆነ ነገር አላቸው፣ አባባም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው ቆሙ። ሁሉም ያያቸዋል። ግራ እጃቸው ከጋቢው ሥር ወጣች፤ ቀስ ብላ እስከ ደረታቸው ድረስ መጣችና ቆመች። እዚያ ላይ ብዙ ቆየች መሰለኝ። ከዚያ ቀኛቸው ወጣችና አጠገቧ ቆመች፤ ሁለቱም መዳፎች ተዘረጉ፣ ወደ ሰማይ ዞሩ።

ይህን የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዝናብ ሲዘገይ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ መንገደኛ ሲነሳ፣ ሽማግሌ መዳፉን እንዲህ ሲዘረጋ እስላሙም ክርስቲያኑም ምንም ሳይጠይቅ መዳፉን ይዘረጋል፤ ጡት እንደለመደ አፍ ነው። ከፊት ረድፍ ያሉት ሽማግሌዎች ዘረጉ። ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን ከትከሻቸው እየመለሱ ዘረጉ። መሪጌታን አየኋቸው፣ እሳቸውም ዘርግተዋል። ግራ እጁን ጨብጦ አንስቶ የነበረውም ሰው እየተያየ አወረደና ፈታው፤ ግቢው መዳፍ ብቻ ሆነ።

ጓድ ታደሰ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። ጮክ ብሎ አነበበ።

«ኢምፔሪያሊዝም ይውደም።»

«አሚን» አለ ሕዝቡ።

ድምፁ የመፈክር ድምፅ አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ከሆድ የሚወጣ ነበር። ጓድ ታደሰ የሰማ አልመሰለኝም፤ ቀጠለ። ፊውዳሊዝም ይውደም፣ አለ። አሚን። ረሃብ፣ በሽታና ድንቁርና ከአገራችን ይጥፉ፣ አለ። ያንንማ ሰው ከልቡ አሚን አለው፤ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ዘግይታ፣ «አሚን፣ ልጆቻችንንም ወደየቤታቸው ይመልስልን» አለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ከሷ ጎን ነበረች። መዳፏን አየሁት፣ እንደ ሳህን ነበር የያዘችው።

ያን ጊዜ ጓድ ታደሰ ቀና አለ። ሕዝቡን አየ። ከዚያ ራሱን አየ፤ ከፍ አድርጎ ጨብጦት የነበረው ግራ እጁ ወርዶ፣ ተፈቶ፣ ከወረቀቱ ሥር መዳፉ ተዘርግታ ነበር። እሱም የኩታበር ልጅ ነው።

እንግዳው ከወንበሩ ዘንበል ብሎ፣ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለ። ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማነው።

ጓድ ታደሰ ወደ እንግዳው ዞረ። «ይሁን ነው የሚሉት፣ ጓድ» አለ።

«ምኑ?»

«ያልነው ሁሉ። ይሁን፣ ይደረግ እያሉ ነው። የአካባቢው አነጋገር ነው።»

እንግዳው አባባን አያቸው። አባባ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ናቸው፣ ወደ እሱ አላዩም። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ፤ ሕዝቡም ሁሉ ፊቱን ዳበሰ፤ ያ ሁሉ እጅ ባንድ ጊዜ ፊት ላይ ሲያልፍ እንደ ጨርቅ የሚንሿሿ ድምፅ ነበረው። እንግዳው ራሱን ነቀነቀና ወደ ኋላ ተደገፈ። ስብሰባው ቀጠለ፤ ስለ ስኳርና ስለ ቦይ ጠረጋ ተወራ። እናቴ ግን አንዱንም አልሰማችም፤ እኔም አልሰማሁም።

ስንወጣ ጓድ ታደሰ በሩ ላይ ደረሰብን። ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ፣ «አያ ይማም፣ ከእንግዲህ ስብሰባ አይምጡ። አሞዎታል ብዬ እነግራለሁ» አላቸው።

«አላመመኝም።»

«አሞዎታል ነው የምልዎት።»

አባባ ዓይኑን ዓይኑን አዩት። «እሺ፣ አሞኛል። አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ» አሉት። እሱ ወዲያው ዞሮ ሄደ፤ እየተጣደፈ።

የዚያን ቀን ማታ እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳ ነበር። አንኳኪው ግን መሪጌታ ነበሩ፣ ከዚያ ለፍም የመጣች የጎረቤት ልጅ ናት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። አባባ የመሪጌታን ኮርቻ ጭናቸው ላይ አድርገው ይሰፋሉ። ከልቤ ያልወጣ ነገር ነበረኝ፣ አላስቀምጥ አለኝ። «አባባ፣ ግራ እጅዎንም እኮ አነሱት» አልኋቸው። እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

ወስፌዋ ቆመች።

«አነሳሁት» አሉ። «ግን ብቻውን አልላክሁትም።»

አባባ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ደርግም ወርዷል። ስለ የሚን የነገሩኝ ትክክል ይሁን አይሁን አጣርቼ አላውቅም፤ የሚያጣራ ትምህርትም የለኝም። አንዳንዱን ከሰው ሰምተው፣ አንዳንዱን መንገድ ላይ ራሳቸው ጨምረውበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ኮምቦልቻ ባለቤቴ ዘንድ በአውቶቡስ ስወርድ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቀኜ በየት በኩል እንደሆነ ሳልወድ እፈልጋለሁ፤ መንገዱ በዞረ ቁጥር ይዞርብኛል። ያ መጀመሪያ እጁን አይቶ ስም ያወጣለት ሰው ማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም፣ ዛሬም ማወቅ እፈልጋለሁ።

አሁን የራሴ ልጅ አለኝ፤ ገና መቆም እየተማረ ነው። እፈራለታለሁ። ሲያስል እፈራለሁ፣ ዝም ሲልም እፈራለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አድጎ አንድ ቀን ሰው ፊት ቆሞ እጅህን አንሳ የሚባልበትን ቀን እፈራለሁ። የትኛውን እንደሚሉት ማን ያውቃል። እናቴ በዚያ ሳምንት ምን ታስብ እንደነበር የገባኝ እሱን ከወለድሁ በኋላ ነው።

ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ አልጋው ጠርዝ ድረስ ይድህና ያየኛል። አፉን ገና አልፈታም፤ የሚፈልገውን የሚናገረው በእጁ ነው። እንዳነሳው ሲፈልግ መዳፎቹን ይዘረጋል፣ ሁለቱንም። እንዲያ አድርግ ያለው ሰው የለም።

እኔም በሁለት እጄ አነሳዋለሁ።